የለም ሲሉኝ እሰማ ነበር

አልጋዬ አጠገብ ቆመው መኖሬንና አለመኖሬን ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። በዚያ ክርክር ውስጥ ሐሳብ መስጠት ያልቻልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለነገረኛ ሰው ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም። እኔ ደግሞ ነገረኛ መሆኔን ድሬዳዋ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል።

የሆነውን ከመናገሬ በፊት ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ፍቃዱ እባላለሁ፤ ድሬ ተወልጄ ድሬ ያደግሁ፣ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና የምሠራ ሰው ነኝ። ሞተር ሲቆም ፓኔሉን ከፍቼ የትኛው መስመር ኃይል እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው በቴስተር እፈትሻለሁ። ይህ ሥራ ሲቆይ ሰውን አንድ አመል ያስይዘዋል፤ የማይለካ ነገር ሁሉ የሌለ ይመስለዋል። «ምልክት ካላሳየ የለም» እል ነበር፤ ለሥራ ባልደረቦቼም፣ ለሚስቴ ለሮዛም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለአባቴ።

አባቴ ባቡር ነጂ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማንበብና እኔን መሞገት ሥራው ሆነ። እሁድ እሁድ ምሳ በልተን ስናበቃ ያችኑ ክርክራችንን እንጀምራለን። እኔ የሰው ሐሳብ ማለት አንጎል ውስጥ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ነው፣ ኃይሉ ሲቋረጥ ሰውየውም አብሮ ይቋረጣል እላለሁ። እሱ በትዕግሥት ያዳምጠኝና፣ «እሺ፣ ዓይን ካሜራ ነው አልክ። ካሜራው ወደ ሽቦው ይልካል፣ ሽቦው ወደ አንጎል ይልካል። ተስማማን። የሚያየው ግን ማን ነው?» ይለኛል። ሌላ ማንም የለም፣ ሽቦው ራሱ ነው እለዋለሁ። «ታዲያ የፋብሪካህ ሽቦ ለምን አያይም?» ይላል። እዚህ ላይ ስንደርስ ሮዛ ተነስታ ሳህን ታነሳሳለች፤ በቃችሁ ማለቷ ነው። አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም፤ እሱም አሸንፎኝ አያውቅም።

ያን ዓመት ክረምቱ ወጣ ሲል ከተማው ውስጥ ትንኝ የሚያመጣው ትኩሳት ገብቶ ነበር። እኔንም ያዘኝና አጥንቴን ሲሰባብረኝ ሰንብቶ ለቀቀኝ። ተሻለኝ ብዬ ሥራ ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ የእግሬ ጣቶች ይደነዝዙኝ ጀመር። ጫማው ነው ብዬ ናቅሁት። ከዚያ መሰላል ላይ ቆሜ ጉልበቴ ከዳኝና ባልደረባዬ ደግፎ አወረደኝ። በማግስቱ ጠዋት ቴስተሬን መያዝ አቃተኝ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ምራቄን መዋጥ። ሮዛ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳውን ታላቅ ወንድሜን ጌቱን ጠራችና በባጃጅ ይዘውኝ ሄዱ። ጭንቅላቴ የሮዛ ትከሻ ላይ ወድቋል፣ ትንፋሼ ከላይ ከላይ ይላል። ሆስፒታሉ በር ላይ የባጃጁ ሹፌር «አቦ መንገድ ልቀቁልኝ፣ ሰው ይዣለሁ» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የለም።

ስነቃ ጨለማ ነው። ደረቴ እኔ ሳላዘው ይነፋል፣ እኔ ሳላዘው ይወርዳል። ጉሮሮዬ ውስጥ ወፍራም ነገር ተሰክቷል። ዓይኔን ልገልጥ ሞከርኩ፤ አልተገለጠም። እጄን ላነሳ ሞከርኩ፤ እጄ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ አንሶላው ሲነካው ይሰማኛል፣ ግን አልታዘዝ አለኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሞቻለሁ የሚል ነበር። ቀጥሎ ሁለት ነርሶች ምሳ ከየት እንደሚያስመጡ ሲነታረኩ ሰማሁ። አንደኛዋ የትናንቱ ጨው በዝቶበት ነበር ትላለች። ሙት ስለ ጨው አይሰማም ብዬ ተጽናናሁ።

መጽናናቴ ግን ብዙ አልቆየም። የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ሐኪም ዶክተር ሰናይት ትባላለች፤ ድምጿ ቀስ ያለ፣ የደከማት ሴት ናት። መጥታ የጣቴን ጥፍር በብረት ነገር ተጫነችው። አመመኝ፤ እስከ ትከሻዬ ድረስ አመመኝ። «ምላሽ የለም» አለች። ቀጥላ የዓይኔን ሽፋን በጣቷ ገለጠችና ባትሪ አበራችብኝ። በዚያች ቅጽበት አየኋት። መነጽሯን አየሁ፤ ጉንጯ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ አየሁ፤ ከጀርባዋ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ አየሁ። እሷም ቀጥታ ዓይኔ ውስጥ እያየች ነበር። እዚህ ነኝ፣ እዚሁ ነኝ፣ አትልቀቂኝ አልኩ በውስጤ። «እዚህም የለም» አለችና ሽፋኑን መለሰችው። ጨለማው ተመልሶ ሲመጣ የተሰማኝን በአማርኛ የምለው ቃል የለኝም፤ በሌላም ቋንቋ ያለ አይመስለኝም።

ሐኪሟን አልወቅሳትም። ሆስፒታል ስደርስ ትንፋሼ ቆሞ ነበር። ልቤን በማሸት ነው የመለሱኝ። አንጎሉ አየር አጥቶ ቆይቷል፣ ጉዳቱ ከባድ ሳይሆን አይቀርም ብላ ለሮዛና ለጌቱ ስታስረዳ ሰምቻታለሁ። የአንጎል ሥራ የሚለካበት መሣሪያ እዚያ አልነበረም፤ ያላት ባትሪና ጣቷ ነው። ባላት ለካች፤ ምልክት አጣች፤ የለም አለች። እኔስ ስንት ሞተር በዚሁ መንገድ የለም ብዬ አስፈትቻለሁ? የሚያበሳጨው ነገር፣ ችግሬን እኔ በትክክል አውቀው ነበር። የሚገባው መስመር ሁሉ ይሠራል፤ እሰማለሁ፣ ያመኛል፣ ሲገልጡኝ አያለሁ። የተቆረጠው የሚወጣው ነው። ይህን የምነግርበት አንዲት ቀጭን ሽቦ ብቻ ነበር የቸገረኝ።

አባቴ ፀሐይ ሳይከር ጠዋት ጠዋት ይመጣ ነበር። ሌላው ሰው ሲገባ ያለቅሳል፣ ወይ ይጸልያል፣ ወይ ከሮዛ ጋር ስለ እኔ በሹክሹክታ ያወራል። እሱ ግን ወንበሩን ጎትቶ ይቀመጥና ከእኔ ጋር ይከራከራል። የመጀመሪያ ቀን ያለኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ፍቃዱ፣ ምልክት የለህም እያሉኝ ነው» አለኝ። «በአንተ ሕግ እንግዲህ የለህም ማለት ነው። በእኔ ሕግ ግን አለህ። ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተናል። እኔ መሆኔን አልፈልግም።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያነበበውን ይነግረኛል፣ እኔ ልመልስ የምችለውን ራሱ በእኔ ፈንታ ይመልሳል፤ አንዳንዴም እኔ ከምመልሰው የተሻለ አድርጎ ይመልሳል። አንድ ቀን ሳይመልሱለት ማሸነፍ ደስ እንደማይል ነገረኝ። ከዚያ ግንባሬን ሳመኝ። ጢሙ ወጋኝ። ይህ ወግ የጠዋት ቁርሴ ሆነ፤ ሌላውን ቀን የማሳልፈው እሱ የሚመጣበትን ሰዓት በመጠበቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ቀረ። ሙቀቱ ነው አልኩ። በማግስቱም ቀረ። አሞት ይሆናል አልኩ። እንደገና ቀረ። ሮዛ መጥታ ፊቴን በርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ ድምጿ ሻክሮ ነበር፤ ብዙ የጮኸ ሰው ድምፅ። የእድር ሰዎች ሊጠይቁኝ ገቡና ከወትሮው በላይ አለቀሱ። አንዲት ጎረቤታችን «እሳቸውንም ነፍስ...» ብላ ስትጀምር ሮዛ ክንዷን ይዛ ወደ ኮሪደር ስታስወጣት የጫማቸው ኮቴ ተሰማኝ። ከኮሪደሩ ልቅሶ መጣ፤ ወዲያው ታፈነ። እሳቸው ማን ናቸው? ስል ውዬ አደርኩ። ሆዴ ግን ሳይነግሩት ጠርጥሯል።

በእኛ አገር ለታመመ ሰው መርዶ እንደማይነገረው ታውቃላችሁ። እናቱ ብትሞት፣ ልጁ ቢሞት፣ ታማሚው እስኪያገግም ቤተሰቡ ጥርሱን ነክሶ እየሳቀ ይጠይቀዋል። እኔም ለሌላ ሰው ይህን ሳደርግ ኖሬአለሁ። አሁን ግን የሚደበቀው ከእኔ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዶክተር ሰናይት ሮዛንና ጌቱን አልጋዬ አጠገብ አስቁማ አናገረቻቸው። ድምጿ ከወትሮው ይበልጥ ቀስ ያለ ነበር። ምንም ለውጥ እንዳላየች፣ ከዚህ በኋላም ታያለች ብላ እንደማታስብ ነገረቻቸው። ስትወልድ የታመመች አንዲት እናት ታች ክፍል ውስጥ በሰው እጅ በሚጨመቅ ፊኛ እየተነፈሰች እንደሆነ፣ መተንፈሻ ማሽኖቹ ሁሉ እንደተያዙም አልደበቀችም። ውሳኔው የእነሱ እንደሆነ፣ ማንም እንደማያስገድዳቸው ጨመረችላቸው።

«ቤቱ ይሙት» አለ ጌቱ። «እዚህ በሽቦ ታስሮ አይሙት። ቤቱ እንውሰደው።»

ሮዛ «እሺ» ስትል ሰማኋት። በጣም ትንሽ እሺ ነበረች።

ቤት መውሰድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቷችኋል። ያ ማሽን ከጉሮሮዬ ከወጣ በሩ ጋ እንኳን አልደርስም። ጌቱ መኪና ሊያመጣ ወጣ። ሙቀቱ ሲበርድ እንሄዳለን ተባባሉ። ነርሷ ሰውነቴን ልታጥብ መጣች፤ ሮዛ ከቤት ያስመጣችውን ሸሚዝ ትራሴ አጠገብ አኖረች። ከመስጊዱ የቀትሩ የዙህር አዛን ተሰማ። ከዚያ በኋላ ከተማው በዚያ ሰዓት እንደሚሆነው ጭር አለ፤ የባጃጅ ድምፅ እንኳን ጠፋ።

ፈራሁ። በዕድሜዬ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ከፍተኛ ኃይል ያለው መስመር እጄን ሲመታኝ እንኳን እንዲህ አልፈራሁም። ያለኝን ጉልበት ሁሉ ሰብስቤ ወደ ቀኝ እጄ ትንሽ ጣት ላክሁ። ተንቀሳቀሽ አልኳት፤ ለመንኳት፤ ሰደብኳት። ነርሷ ያችኑ ጣት አንስታ አጠበቻትና መልሳ አስቀመጠቻት። ሮዛ አጠገቤ ተቀምጣ ጸጉሬን ትዳስሳለች። አንድ ጋት እንኳን አንራራቅም፤ ግን አንዳችን ወደሌላችን መድረስ አልቻልንም።

ሐጂ ሙሴ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ሐጂ ሙሴ የአባቴ የወጣትነት ጓደኛ ናቸው። መጋላ ገበያ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ ጨርቃቸውን ከጅቡቲ የሚያመጣላቸው የአባቴ ባቡር ነበር፤ ወዳጅነታቸው የተጀመረው በዚያ ነው። አሁን አርጅተው ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ባለችው ዋሂል፣ ልጃቸው ጋ ስለሚኖሩ ወሬው ዘግይቶ ደርሷቸው ነው የመጡት። የከዘራቸውን ድምፅ ከሩቅ ለየሁት። ገብተው እንደ ጤነኛ ሰው «ዋሪያ ፍቃዱ፣ አሰላሙ አለይኩም» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሮዛ ዞሩ።

«ነገራችሁት?» አሏት።

«ሐጂ፣ እባክዎ» አለች ሮዛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እዚህ አይሆንም። ይሰማል።»

ዶክተር ሰናይት ከእግሬ በኩል ቆማ የማሽኑን ቁልፎች ታስተካክል ነበር፤ የቁልፎቹ ድምፅ ቆመ።

«ምን አልሽ?» አለቻት ሮዛን።

«ምንም። ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ቅድም እንደማይሰማ ተነጋግረን ነበር።»

«እርስዎ ነዎት ያሉኝ ዶክተር» አለች ሮዛ። «እኔ እሺ አልኩ እንጂ አይሰማም አላልኩም።»

ጌቱም ተመልሶ ነበር። ለመሄድ የተዘጋጀን ሰው በመርዶ ማስጨነቅ ነውር ነው፣ በሰላም ይሂድ አለ። ሐጂ ሙሴ አልተስማሙም። እሳቸው እንደሚያውቁት፣ ሰው መርዶውን ሳይረዳ አይሄድም። «ጆሮ ነው መጨረሻ የሚሞተው» አሉ። «እኛ ሊሞት ያለ ሰው ጆሮ ላይ ሸሃዳ፣ የእምነቱን ቃል፣ የምንለው ለዚህ ነው፤ ወላሂ። እዚያ ደርሶ አባቱን በር ላይ ቆሞ ሲያገኘው ምን ሊል ነው? ማንም አልነገረኝም ሊል ነው?»

እንግዲህ እንዲህ ነው የሰማሁት። ሐጂ ሙሴ ገና ሊነግሩኝ ፈቃድ ሲጠይቁ ነገሩን አወጡት። ነገር ግን ሰው ጆሮው የሰማውን ወዲያው አይቀበልም። ተሳስተው ነው አልኩ፤ የእሳቸው አማርኛ ከሶማሊኛው ጋር ተቀላቅሎ ነው አልኩ። ከዚያ የዶክተር ሰናይት ጫማ ወደ ራስጌዬ ሲመጣ፣ የልብ ምት የሚያሳየው ስክሪን ወዳለበት ሲዞር ሰማሁ።

«ንገሩት» አለች። «በወጉ ንገሩት። ሌላችሁ ዝም በሉ፣ ማንም አይንካው።»

ሐጂ ሙሴ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ሻካራና ሞቃት እጅ ነበር።

«ፍቃዱ ልጄ» አሉ። «አባትህ ቀድሞናል። ምሳውን በላ፣ ጋደም አለ፣ አልተነሳም። ሕመም አላየም፣ አልተጨነቀም። ሰው ሁሉ ወጥቶ ቀብሮታል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው። አላህ ያጽናህ፣ ልጄ።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። እኔን ገደደኝ። የእኔን ያህል ያለቀሰ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ግን አንዲት ጠብታ አልወጣችም፣ ከንፈሬ አልተንቀሳቀሰም፣ ደረቴ ማሽኑ በሰጠው ልክ በእርጋታ መነፋቱንና መውረዱን ቀጠለ። ውስጤ ሲፈርስ ውጪዬ ተኝቷል። ጢሙን አሰብኩ። ሳይመልሱለት ማሸነፍ ደስ አይልም ያለኝን አሰብኩ። መጨረሻ የመጣ ቀን ስሞኝ ወጥቶ፣ እኔ ደህና ዋል እንኳን ሳልለው መቅረቴን አሰብኩ።

መጀመሪያ ድምፁን የሰማችው ነርሷ መሰለችኝ። የልቤ ምት ድምፅ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄደ፤ ከዚያ ማሽኑ ማስጠንቀቂያውን መጮህ ጀመረ። ጌቱ «ገደላችሁት» አለ። ዶክተር ሰናይት ቆይ አለችው። ይህ በሽታ ልብን በራሱ ጊዜ ሊያስደነግጠው ይችላል፣ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ አትቸኩሉ አለች፤ እሷ ግን ድምጿ ቸኩሎ ነበር። ምቱ እስኪረጋጋ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«ፍቃዱ፣ የምትሰማኝ ከሆነ፣ አሁን ያደረግኸውን እንደገና አድርገው።»

እንደገና አድርገው። ምን አድርጌ? ልብ እንደ ጣት አይታዘዝም። ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ ነበር። አባቴ በክርክር ልክ ሊያሸንፈኝ ሲል መነጽሩን ወደ ግንባሩ እንዴት እንደሚሰቅል አሰብኩ። ከዚያ ያ መነጽር ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን እንደተቀመጠ አሰብኩ። ምቱ ወጣ።

«አሁን እረፍ» አለችኝ። «አረጋጋው።»

ለመረጋጋት ወደ ሥራዬ ሄድኩ። አንድ የማውቀውን ፓኔል በሐሳቤ ከፍቼ ሽቦዎቹን በየቀለማቸው ተከተልኩ፤ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ሰማያዊውን። ምቱ ወረደ። አዎ ለማለት አፍጥነው፣ አይደለም ለማለት አረጋጋው አለችኝ። ስምህ ጌቱ ነው አለችኝ፤ ሽቦዎቼን ያዝኩ፣ ዝም አልኩ። ስምህ ፍቃዱ ነው አለችኝ፤ ሽቦዎቹን ለቀቅሁና ወደ አባቴ ሄድኩ። አጠገብህ ያለችው እህትህ ናት አለችኝ፤ ዝም። ሚስትህ ናት አለችኝ። አዎ ማለት በፈለግሁ ቁጥር አባቴን እንደ አዲስ መቅበር ነበረብኝ። ቀበርኩት፤ ደግሜ ደጋግሜ ቀበርኩት፤ ሮዛ እጄ ላይ ተደፍታ እስክትጮህ ድረስ።

ዶክተር ሰናይት ወንበር ስባ ስትቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ ለሮዛም ለጌቱም ሳይሆን ለእኔ፣ በስሜ ጠርታ ይቅርታ አለችኝ። ወጥታ ስልክ ደወለች። አዲስ አበባ ያሉ የነርቭ ሐኪም ነገሩን ከሰሙ በኋላ አንጎሌ ደህና ሊሆን እንደሚችል ነገሯት። ያ ትኩሳት ሰውነቴን በራሱ ነርቮች ላይ አስነስቶታል፤ የነርቮቼ ልባስ ተልጦ መልእክት ማድረስ አቅቷቸዋል፤ ልባሱ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ማሽኑ ከእኔ ጋር ቆየ። ለዚያች እናት ደግሞ ከሌላ ሆስፒታል ተገኘላትና እሷም ተረፈች። መጀመሪያ የተመለሰልኝ የግራ ዓይኔ ሽፋን ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ከንፈሬ፣ አንገቴ፣ እጄ። ለመራመድ ብዙ ወራት ፈጀብኝ፤ አሁንም ደረጃ ስወጣ ግድግዳ እይዛለሁ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን ሁሉ ያወጋኋችሁ አባቴ ክርክሩን አሸነፈ ለማለት እንዳይመስላችሁ። ነገረኝነቴ አለቀቀኝም። ዶክተሯ ያየችው ምልክት ኤሌክትሪክ ነው፤ ልቤ ውስጥ የሚሄድ፣ ሽቦ ተጣብቆበት ስክሪን ላይ የሚታይ ኤሌክትሪክ። ሐዘኔ ሥጋ ባይነካ ኖሮ ማንም አያገኘኝም ነበር። ግን ደግሞ ስክሪኑ ላይ የታየው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ሁሉም አዩት፤ ሐዘኑን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ሰው ያንን ክፍል ከጣሪያ እስከ ወለል አንድ ሳያስቀር ቢለካ፣ ማሽኑን፣ ሽቦውን፣ የእኔን ሥጋና ደም ሁሉ ቢመዝን፣ ያ የሚያዝነው የት ጋ ተቀምጦ እንደነበር ያገኘው ነበር? አላውቅም። ከጭንቅላቴ ውጪ ነበር አልልም። ሽቦ ብቻ ነበር ማለት ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አፌ አልሄድልህ አለኝ። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ምልክት በሌለበት ሰዓት እኔ ነበርኩ። ሙሉ በሙሉ ነበርኩ፤ እንደ አሁኑ፣ ምናልባትም ከአሁኑ ይበልጥ።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ። አልጋ ላይ የማይመልስ ሰው ካላችሁ ስለ እሱ አጠገቡ ቆማችሁ እንደሌለ ሰው አታውሩ። ስሙን ጥሩት። ውሎአችሁን ንገሩት፤ ተጣሉት፤ ተከራከሩት። እንደሚሰማ እርግጠኛ መሆን አያስፈልጋችሁም። ሐጂ ሙሴን ያን ቀን እሰማለሁ ብለው አምነው እንደሆነ ቆይቼ ጠይቄአቸው ነበር። «ከየት አውቄ፣ ዋሪያ» አሉኝ። «እጅህ እንደ ድንጋይ ነበረች። ካለህ ለአንተ፣ ከሌለህ ለአላህ ብዬ ነገርኩ።»

ሆስፒታሉ ለቆኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ አንድ ጠዋት ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ጌቱ ነው፤ ከጀርባው የእድራችን ሽማግሌዎች፣ ሐጂ ሙሴም ከዋሂል መጥተው አብረዋቸው ቆመዋል፤ ሁሉም ነጠላና ጋቢ ለብሰዋል። ለምን እንደመጡ ወዲያው ገባኝ። መርዶ ሆስፒታል ውስጥ በማሽን መሀል አይነገርም፣ በወጉ መሆን አለበት ተባብለው ነው። አውቃለሁ እኮ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከሁሉም በላይ እኔ ነኝ የማውቀው፤ እናንተ አንድ ጊዜ ቀበራችሁት፣ እኔ ስንት ጊዜ ልላቸው ነበር። ከዚያ ተውኩት። ሮዛ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ሐጂ ሙሴ እንደዚያን ቀን እጄን ይዘው፣ እነዚያኑ ቃላት፣ በዚያው ቅደም ተከተል ጀመሩ። አባትህ ቀድሞናል፤ ምሳውን በላ፣ ጋደም አለ፣ አልተነሳም።

አልቅሼ ጨርሼዋለሁ ብዬ ነበር። ድምፄ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። እንባዬ ወረደ፣ ደረቴ ተርገበገበ። አባዬ ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማኝ።